ከብሩሹ በፊት ያለው ሥራ፦ የተላጠ የፒንቦል ሰሌዳን ቤት ውስጥ ስለመጠገን

ፒንቦል የብረት ኳስ ሥዕል ባለበት የእንጨት ሰሌዳ ላይ እየተመታች ነጥብ የሚሰበሰብበት የጨዋታ ማሽን ነው። የተጎዳ የፒንቦል ሰሌዳ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በምን ቀለም ልቀባው?» ብሎ ነው። እኔም ማሽኑን ስገዛ ሐሳቤ ሁሉ ቀለሙ ላይ ነበር። ሥዕል ስለማልችል ሥራው ከአቅሜ በላይ መስሎኝ ለረጅም ጊዜ ፈራሁት። ዛሬ ሰሌዳው ተጠግኖ ኳሷ ያለ እንቅፋት ትሮጥበታለች፤ ካፈሰስኩት ጉልበት ግን አብዛኛው ከቀለም ጋር ግንኙነት አልነበረውም። እንዲህ ያለ ጥገና የሚሳካውም የሚበላሸውም ብሩሽ ከመያዙ በፊት ነው። የእጅ ጥበብ የሌለው ሰው ቅደም ተከተሉን ካከበረ ጥሩ ውጤት ያገኛል፤ ጥበበኛው ደግሞ ቅደም ተከተሉን ከናቀ ማዳን የሚቻለውን ሰሌዳ ያጠፋል።

ማሽኑ በኤሌክትሪክ በኩል ጤነኛ ነበር። አምፖሎቹ ይበራሉ፣ ፍሊፐር የሚባሉት መምቻ ክንዶች ኳሷን በኃይል ይመታሉ፣ ነጥቡም በትክክል ይቆጠራል። የተጎዳው ገጹ ነው። ባምፐር በሚባሉት፣ ኳሷ ስትነካቸው መልሰው በሚያስፈነጥሯት ክፍሎች ዙሪያ ቀለሙ አልቆ ባዶ እንጨት ይታያል። ኳሷ ገብታ ተመልሳ የምትወረወርበት ጉድጓድ ከንፈሩ ተሸርፏል። መሃል ሜዳው ላይ ክብ ክብ እየሠሩ የዞሩ ጥቁር ጭረቶች አሉ። ኢንሰርት ከሚባሉት፣ ከሥራቸው አምፖል ከሚበራባቸው ባለቀለም ፕላስቲኮች ደግሞ አንዳንዶቹ ሰምጠዋል፤ ሌሎቹ ብቅ ብለው ኳሷን አቅጣጫ ያስቷታል። ለአንዳንድ ሞዴሎች አዲስ ሰሌዳ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ለእኔ ማሽን ግን አልተገኘም። ያለውን ማዳን ግድ ሆነ።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ካልገባን ጥገናችን አይዘልቅም። የፒንቦል ኳስ 27 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋትና 80 ግራም ያህል ክብደት ያላት የብረት ኳስ ናት። የምትንከባለልበት ሰሌዳ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ሲሆን የላይኛው ስስ ልባጡ ጠንካራ የሜፕል እንጨት ነው። ሥዕሉ በስክሪን ኅትመት፣ አንዱ ቀለም ሲደርቅ ሌላው እየተከተለ ይታተምበታል፤ ከዚያ በላዩ ግልጽ ሽፋን ይቀባል። ኳሷ መጀመሪያ የምትበላው ይህን ሽፋን ነው። እሱ ካለቀ በኋላ ቀለሙ ብዙ አይቆይም። መምቻዎቹን ከሚያንቀሳቅሱት የሽቦ ጥቅሎች (ኮይሎች)፣ ከጎማዎቹና እርስ በርሳቸው ከሚፋተጉት ብረቶች የሚረግፈው ጥቁር ብናኝ በኳሷ ሥር እየገባ ሰሌዳውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። በድሮ ሰሌዳዎች ላይ ያለው ላከር የሚባል ግልጽ ሽፋን ከዕድሜ ብዛት በጥቃቅን ስለሚሰነጣጠቅ ብናኙ እስንጥቁ ውስጥ ይቀመጣል። እነዚያ የዞሩ ጥቁር ጭረቶች ከዚህ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ጠንካራ የፖሊዩረቴን ሽፋን ያላቸው ሰሌዳዎች መሠራት ጀመሩ። አንዱ የሚችለው ማጽጃ ሌላውን ሊያሟሟው ስለሚችል፣ ማሽናችሁ የተሠራበትን ዘመን ሳታውቁ ምንም ነገር አትቀቡት።

ማፍረሱ ትዕግሥት እንጂ ብዙ ምክር አይጠይቅም። ሶኬቱን ንቀሉ። ሰሌዳውን ቀና ከማድረጋችሁ በፊት ኳሶቹን ሁሉ አውጡ፤ ውስጥ የተረሳች ኳስ ስትንከባለል ያገኘችውን ፕላስቲክ ትሰብራለች። የላይኛው መስታወት ጠርዙ ጠንካራ ወለል ከነካ በአንድ ጊዜ ሊበታተን ስለሚችል የታጠፈ ጨርቅ ላይ አቁሙት። ከእያንዳንዱ ክፍል መነሣት በፊትና በኋላ ፎቶ አንሡ፤ ብሎኖቹን ከየት እንደወጡ በተጻፈባቸው ትንንሽ ከረጢቶች አስቀምጡ። ከሥር ያለውን የሽቦ ጥልፍልፍ እኔ አልነካሁትም፤ ከላይ ያለውን ብቻ አውልቄ ሠራሁ። መላውን ሰሌዳ ባዶ ማድረግ ለማለስለስ ይመቻል፤ ነገር ግን ሽቦ የመበየድ ልምድ ለሌለው ሰው አደጋው ከጥቅሙ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ጊዜ አንድ ትልቅ ሀብት ታገኛላችሁ። ምሰሶዎቹና የብረት መምሪያዎቹ ከተነሡበት ቦታ ብርሃንና ኳስ ያልደረሰበት ንጹሕ የፋብሪካ ቀለም ብቅ ይላል። የእኔ ሰሌዳ ላይ ብርቱካናማ የመሰለኝ ሜዳ ከምሰሶው ሥር ደማቅ ቀይ ሆኖ ሳገኘው በጣም ገረመኝ። ያን ቀለም ፎቶ አንሡት፤ ስለ ሥዕሉ ብዙ ያስተምራችኋል። ስትቀቡ ግን የምትከተሉት የደበዘዘውን ጎረቤቱን ነው። በደበዘዘ ሜዳ መካከል የተቀመጠ ደማቅ የፋብሪካ ቀይ ከባዶው እንጨት ባልተናነሰ ዓይን ይስባል።

ብዙ ሰሌዳ የሚሞተው በጽዳት ጊዜ ነው። ውሃና የቤት ማጽጃ ሳሙና አታስጠጉ፤ የተገለጠ እንጨት ውሃ ከጠጣ ቃጫው ያብጣል፣ ከጠርዙ ያለውንም ቀለም አብሮ ያነሣል። እኔ የጀመርኩት ለሲጋራ መለኮሻ በሚሞላው ቀላል ቤንዚን ነው። ቅባትንና አሮጌ ሰምን ያነሣል፤ ለአብዛኞቹ የፋብሪካ ቀለሞችም ለስላሳ ነው። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩት። ቅባት የሚተዉ ነዳጆች፣ ናፍጣን ጨምሮ፣ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። መስኮት ክፈቱ፤ እሳትና የሚፈነጥር ነገር አርቁ፤ የተጠቀማችሁበትንም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉት፣ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ከስንጥቁ ውስጥ ለገባው ጥቁር ጭረት ብዙዎች የሚመክሩት የሜላሚን ስፖንጅን ከአይሶፕሮፒል አልኮል ጋር ነው። ይሠራል፤ ጭረቱ ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሜላሚን ስፖንጅ ለስላሳ ቢመስልም የሚያጸዳው እየፈገፈገ ነው፤ ቆሻሻው ሲያልቅ ሽፋኑን፣ ሽፋኑ ሲያልቅ ቀለሙን ይቀጥላል። ስለዚህ ዓይናችሁ ከሰሌዳው ይልቅ በስፖንጁ ላይ ይሁን። ጥቁርና ቡናማ እስከወጣ ድረስ ቀጥሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ጠብታ ብቅ ካለ ወዲያው አቁሙ። የመዳፍ ያህል ቦታ ሠርታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። ቀለሙ አልቆ ጥቁረቱ የእንጨቱ ቃጫ ውስጥ ከሰረገ በማጽዳት አይወጣም። እንደዚያ ያለው ቦታ ኋላ ቀለም ስለሚለብስ ንጹሕና ደረቅ መሆኑ ይበቃዋል። ነጭ እስኪሆን ልፈግፍገው ያለ ሰው ስሱን የሜፕል ልባጥ ይበሳዋል፤ ለዚያ ደግሞ ቤት ውስጥ መድኃኒት የለውም።

በባምፐሮቹ ዙሪያ ማይላር ተለጥፎ ነበር። ማይላር ገጹን ከኳስ የሚጠብቅ ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ ጠርዙ ሲነሣ ግን ከሥሩ ቆሻሻ ያጠራቅማል። እሱን በማንሣት ብዙ ሥዕል አብሮ ተልጦ ይጠፋል። ሁለት መንገድ አለ፤ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ወይም ማቀዝቀዝ። ሙቀት ሙጫውን ያላልሰዋል፤ የላላ ሙጫ ግን ቀለሙንም ይዞ ሊነሣ ይችላል። እኔ ማቀዝቀዝን መረጥሁ። አቧራ ለመንፋት የሚያገለግለውን የታመቀ ጋዝ ጣሳ ገልብጣችሁ ስትረጩት እጅግ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይወጣል፤ ሙጫው በቅዝቃዜ ይደርቅና ማይላሩ በትንሽ በትንሹ ራሱን ይለቃል። ጓንት አድርጉ፣ ፈሳሹ ቆዳ ያቃጥላል። ጋዙ ተቀጣጣይ ሊሆን ስለሚችልም ክፍሉን አናፍሱ። ማይላሩን ወደ ላይ አትጎትቱት፤ ወደ ኋላ አጥፋችሁ ከሰሌዳው ጋር ተጠግቶ እንዲላቀቅ አድርጉ።

ከባምፐሮቹ በአንዱ ዙሪያ ማይላሩ ሲነሣ የቢጫው ቀለም ቅርፊት አብሮ ተነሣ። እዚያው አቆምኩና የቀረውን ማይላር በስለታም ምላጭ ቆርጬ በቦታው ተውሁት። ጠርዙ ያልተነሣ፣ ከሥሩም ቀለሙ የላላ ማይላር ካላችሁ አትንኩት። ግልጽ ነው፣ ይከላከላል፣ ሥዕሉንም ይዟል። ሁሉንም እንደ አዲስ የማድረግ ፍላጎት በዚህ ሥራ ውስጥ የሚገኝ ትልቁ ፈተና ይመስለኛል። በሰሌዳው ላይ ለቀረው ሙጫ ትንሽ አልኮል ጠብ አድርጋችሁ የዳቦ ዱቄት ነስንሱበትና በጣታችሁ እሹት፤ ሙጫው ከዱቄቱ ጋር እየተጠቀለለ ይለቃል። አልኮሉ ቀለሙን እንዳይነካ አስቀድሞ መሞከሩን አትርሱ።

ኢንሰርቶቹ ከቀለም በፊት መስተካከል አለባቸው፤ በኋላ ቢነቃነቁ በላያቸው የቀባችሁት ሁሉ ይሰነጠቃል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በላያቸው አጋድሙና ከጎን በመብራት እዩ። የላላውን ኢንሰርት ከሥሩ አምፖሉን አውጥቼ በፀጉር ማድረቂያ በጥቂቱ አሞቅሁት፤ ከላይ ጠፍጣፋ እንጨት አድርጌ ከገጹ ጋር እስኪተካከል ገፋሁት፤ ዙሪያውንም ከሥር በኩል ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ አሰርሁት። እስኪደርቅ ድረስ ከላይም ከሥርም ታስሮ መቆየት አለበት። መሃሉ እንደ ሳህን የጎደጎደ ኢንሰርት ግን ቢገፋም አይቀናም። እሱ በግልጽ ሽፋን ተሞልቶ ከዚያ ይስተካከላል። የተሸረፈውን የጉድጓድ ከንፈር በእንጨት ኢፖክሲ ሞልቼ ቅርጹን በብርጭቆ ወረቀት መለስሁ። የሰፉ የብሎን ቀዳዳዎች በስቴኪኒና በእንጨት ኮላ ይሞላሉ።

ሥራውን የለወጠልኝ ከዚህ በኋላ ያለው እርምጃ ነው፤ ቀለም ከመቀባት በፊት መላውን ሰሌዳ በስስ ግልጽ ሽፋን ማሸግ። ይህ የሥራውን ባሕርይ ይለውጣል። ሊረግፍ የተዘጋጀው አሮጌ ቀለም ይታሰራል። ባዶው እንጨት ይዘጋል፤ ስለዚህ የምትቀቡት ቀለም ወደ ቃጫው ሰርጎ አይሰራጭም። የደበዘዘውም ሥዕል እውነተኛ መልኩን ያሳያል፣ ያን ጊዜ ማመሳሰል ይቀላል። ከሁሉ በላይ ግን የሳታችሁት ነገር ሁሉ ይመለሳል፤ በታሸገ ገጽ ላይ የቀባችሁት አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ካላማራችሁ ገና ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። እኔን ከፍርሃት ያወጣኝ ይህ ነው። ሥዕል ለማይችል ሰው መደምሰስ መቻል ትልቅ ነፃነት ነው።

ለዚህ የተጠቀምኩት በውሃ የሚቀጥን ፖሊዩረቴን ነው፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እናገራለሁ። ባዶ እንጨት ባለበት ቦታ የመጀመሪያው ሽፋን ቃጫውን ጥቂት ያስነሣል። እጅግ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ሲደርቅም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ አለስልሱት። አሮጌ ሰሌዳ ስትፈገፍጉ የአቧራ ጭንብል አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና ከዚያ በፊት በተሠሩ ሰሌዳዎች ቀለም ውስጥ መርዛማው ሊድ ሊኖር ስለሚችል ብናኙን በመጥረጊያ አታስነሡት፤ በእርጥብ ጨርቅ አንሡት። ልጆችም በአካባቢው አይኑሩ።

ሽፋኑ ላይ ያልጠበቅሁት ችግር ገጠመኝ። በአንድ ጥግ ፈሳሹ ከገጹ እየሸሸ ትንንሽ ክብ ክብ ጉድጓዶች ሠራ። ከእኔ በፊት ማሽኑን የያዘው ሰው ሲሊኮን ባለበት ማብረቂያ ሲወለውለው ኖሯል። ሲሊኮን በዓይን አይታይም፣ በአንድ ጊዜ ጽዳትም አይለቅም። ሽፋኑን ገና እርጥብ ሳለ ጠርጌ አነሣሁት፤ ለመኪና ቀለም ቅብ በሚዘጋጀው የሰምና የቅባት ማስለቀቂያ፣ በየጊዜው ጨርቅ እየቀየርሁ ደጋግሜ አጠብሁት። ጨርቅ መቀየሩ ዋናው ነገር ነው፤ በአንዱ ጨርቅ ደጋግሞ ማሸት ሲሊኮኑን ከቦታ ቦታ ማዞር ብቻ ነው። እናንተም መላውን ሰሌዳ ከማሸጋችሁ በፊት በአንድ ጥግ ሞክራችሁ ፈሳሹ ይሸሽ እንደሆነ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ቀለሙ ደረስን። አክሪሊክ ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራል፣ በላዩ ግልጽ ሽፋን ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ይጠልቃል። ስለዚህ እርጥቡን ቀለም ከሰሌዳው ጋር አታወዳድሩ። እኔ የቀላቀልሁትን በግልጽ ፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ቀብቼ አደርቅና ቁራጩን ገልብጬ በጉዳቱ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፤ በፕላስቲኩ ውስጥ የሚታየው መልክ ከሽፋን በታች ለሚኖረው ቅርብ ነው። ይህን በቀን ብርሃን አድርጉት። በአምፖል ሥር አንድ የመሰሉ ሁለት ቀለሞች በማግሥቱ በመስኮት ብርሃን ሲለያዩ ማየት ልብ ይሰብራል። ነጭ የሚመስለው ሁሉ ነጭ እንዳልሆነም እወቁ፤ የአሮጌ ሰሌዳ ነጭ ውስጥ ቢጫና ጥቂት ቡናማ አለ። ከቱቦው የወጣ ንጹሕ ነጭ በዚያ ላይ እንደ ቁስል ያበራል።

የተጎዳውን ነጥብ ብቻ አትቀቡ። በሜዳው መካከል ያለ ነቁጥ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢመሳሰል፣ ከጎን ሲታይ ይለያል። በጥቁር የወሰን መስመሮች የታጠረውን ክፍል በሙሉ ከመስመር እስከ መስመር ቀቡት፤ ዓይን የቀለም ልዩነትን የሚያየው ዳር ሲያገኝ ነው፣ ዳሩ ጥቁር መስመር ከሆነ ደግሞ የሚይዘው የለም። ይህን ያወቅሁት ሰማያዊውን ክፍል ደጋግሜ በነቁጥ ሞክሬ ከጠረግሁት በኋላ ነው። ሜዳው በጣም ሰፊ ከሆነና ሙሉውን መቀባት ካልፈለጋችሁ ድንበሩን በሥዕሉ ውስጥ ባለ አንድ ቅርጽ ላይ ጣሉት። ቀለሙን አቅጥናችሁ በስስ ድርብ ድርብ ቀቡ፤ ወፍራም ቅብ ዳሩ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ኳሷም ታገኘዋለች። ለቀጥታ ዳሮች የሠዓሊዎች የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ በምላጭ ተቆርጦ ይለጠፋል። ምላጩን ስትጫኑ ፕላስቲኩን እንጂ ሽፋኑን አትቁረጡ።

ጥቁር መስመሮችና ፊደሎች በመጨረሻ ይመጣሉ። አንዳንድ የብዕር ቀለሞች ሽፋን ሲነካቸው ይፈስሳሉና በቁራጭ እንጨት ላይ ጽፋችሁ፣ ሽፋን ቀብታችሁ ሳትፈትኑ ብዕር ሰሌዳው ላይ አታሳርፉ። በኢንሰርት ላይ ላለ ትንሽ ጽሑፍ እጄን አላመንሁትም። ከሌላ ማሽን ፎቶ ወስጄ በኮምፒውተር አስተካክዬ በውሃ በሚላቀቅ ግልጽ ወረቀት በሌዘር ማተሚያ አሳተምሁት፤ ከለጠፍሁት በኋላ ሽፋኑ ዳሩን ውጦታል። በጥቃቅን ነጠብጣብ የታተመ ጥላ ያለበት ቦታ ግን ከሩቅ የሚመስል መካከለኛ ቀለም ይበቃዋል። ነጠብጣቡን አንድ በአንድ ለማስመሰል መድከም አይክስም።

የመጨረሻውን ሽፋን በተመለከተ ፈርጠም ብዬ እናገራለሁ። ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ባለሁለት ክፍል የመኪና ሽፋን እጅግ ጠንካራና የሚያበራ ነው፤ ነገር ግን ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የሚባል አደገኛ ኬሚካል አለበት። በሚረጭበት ጊዜ የሚተነፍሰውን ሰው ዕድሜ ልክ ለማይለቅ አስም ሊዳርግ ይችላል፤ ሽታውም በበቂ አያስጠነቅቅም። ተራ የቀለም ጭንብል ላይ መተማመን አይገባም፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀርብበት መሣሪያና ለዚህ የተሠራ ክፍል ይጠይቃል። እነዚህ ከሌሏችሁ ቤታችሁ ውስጥ አትርጩት። ወይ ሰሌዳውን ሙሉ በሙሉ አራቁታችሁ ለመኪና ቀለም ቀቢ ስጡ፣ ወይም እንደ እኔ በውሃ የሚቀጥን ፖሊዩረቴን ተጠቀሙ። ጥንካሬው ከዚያኛው ያንሳል፤ በሰም ተጠብቆ ለቤት ጨዋታ ግን ይበቃል። በዘይት የሚሠራው ፖሊዩረቴን ከጊዜ ጋር ቢጫ ስለሚሆን ያን ሁሉ የቀለም ማመሳሰል ልፋት ያበላሻል። ጠንካራ ማሟሟያ ያለው ላከር ደግሞ አሮጌውን ገጽ ሊያሸበሽበው ይችላል።

ስስ ሽፋኖችን እየደረብሁ በመካከላቸው በ800 ቁጥር፣ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ። በጣት ብቻ ከፈገፈጋችሁ ጉድጓዱን ትከተላላችሁ እንጂ አታስተካክሉትም። የጎደጎዱት ኢንሰርቶች እስኪሞሉ ድረስ እነሱ ላይ ብቻ ተጨማሪ ጠብታ አድርጉ። በመጨረሻ 1500፣ 2000፣ ከዚያ 3000 እያልሁ ወጥቼ በፕላስቲክ ማብረቂያ ወለወልሁት። ማብረቂያው ሲሊኮን የሌለበት ይሁን።

ከዚያ ጠብቁ። ሽፋን በእጅ ሲነካ መድረቁና በሙሉ መጠንከሩ የተለያየ ነገር ነው። ባልጠነከረ ሽፋን ላይ የተጠበቀ ምሰሶ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ዙሪያውን ያሸበሽባል፣ አንዳንዴም ሽፋኑን ከነቀለሙ ያነሣዋል። ጣሳው ከሚለው በላይ ሳምንታት ጨምሬ ጠበቅሁ። መልሳችሁ ስትገጥሙም ምሰሶዎቹን ከሚያስፈልገው በላይ አታጥብቁ፤ ብሎኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ አፍ በመጠኑ ከፈት ብታደርጉት ሽፋኑ ከዳሩ አይሰነጠቅም።

የድሮ ኳሶቹን መልሳችሁ አታስገቡ፤ የዛገች ወይም የተቦረቦረች ኳስ አዲሱን ሽፋን ወዲያው ትጀምረዋለች። የተሸረፈው የጉድጓድ ከንፈር ላይ ስስ የብረት መከላከያ አደረግሁ፤ ካልተደረገበት ኢፖክሲውም ተመልሶ ይሸረፋል። ጎማዎቹን ቀየርሁ። ንጹሕ የካርናውባ ሰም ቀብቼ በለስላሳ ጨርቅ አበራሁት፤ ጨርቁ ጥቁር መያዝ ሲጀምር ጠርጌ እንደገና እቀባለሁ። የእያንዳንዱን ቀለም ትርፍ በትንሽ ጠርሙስ አሽጌ፣ ከየትኛው ምን ያህል እንደተቀላቀለና በየትኛው ክፍል ላይ እንደዋለ ጽፌ ማሽኑ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ባምፐሮቹ ዙሪያ መጀመሪያ የሚያልቀው ቢጫው ስለሆነ ከእሱ በርከት ያለ አስቀሩ።